ለምትመጣው መኪና

ውድ አባቴ፣

ይህን የሚያነብልህ መህዲ ነው። መህዲ ወንድሜ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ። የሞተርን ጉድለት በጆሮው የሚለይ ሰው የዘለልከውን ከድምፅህ ያውቃል።

የዓይንህ ፋሻ እስኪነሳ የቆቦን ወሬ ልንገርህ። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው። ማሽላው ከቤታችን ጀርባ ሰው አክሎ ቆሟል። እኔም መኪና ገዝቻለሁ።

ለሕክምና ወደ ደሴ ስትሄድ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመህ "ለእኔ ብለሽ እንዳትገዢ" ብለኸኝ ነበር። ለአንተ ብዬ አይደለም ብል እዋሻለሁ። ከመጀመሪያው ግን ስማኝ።

ጡረታ የወጣህ ዕለት የመኪናዋን ቁልፍ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ አስረክበህ በእግርህ መጣህ። ድሮም በእግርህ ነበር የምትመጣው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን እስከ ዞብል ተራራ ሥር ስታመላልስ ትውልና መኪናዋን ግቢ አቁመህ በዚያ ፀሐይ ወደ ቤት ትሄዳለህ። ጓደኞቼ "አባትሽ ሹፌር አይደል? ለምን በእግሩ ይሄዳል?" ሲሉኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ "መኪናዋ የእሱ ስላልሆነች ነዋ" እላቸው ነበር። ይህን ለአንተ ነግሬህ አላውቅም።

የዚያን ዕለት እግርህን እየታጠብክ "ዕድሜዬን ሙሉ ነዳሁ፤ ለደስታዬ ግን ከዚህ እዚያ አልነዳሁም" አልክ። ማንንም መውቀስህ አልነበረም። ለምን እንዳልነዳህም አውቃለሁ፤ የሰው መኪና ለደስታ አይነዳም ትላለህ። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ገዝቼ መሪውን ስሰጥህ "ያንቺ ናት፣ የሰው ናት" ብለህ ከኋላ ብትቀመጥስ?

ሰው ሁሉ ቪትዝ ግዢ አለኝ። ስትሸጪያት አታከስርሽም አሉ። ልሸጣት አይደለም የምገዛት። ወንድምህ አሕመዲን ደግሞ "ሚኒባስ ግዢ፣ ከወልድያ እየተመላለሰች ታስገባልሽ" አለኝ።

"አጎቴ፣ የምትሠራልኝን አይደለም፤ የምደሰትባትን ነው የምፈልገው።"

ዕድሜውን የከብት ደላላ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ለደስታ የሚገዛ ነገር ብዙም አልገጠመውም። ሆኖም "ለደስታ ከሆነስ አሮጌ ይሻላል። አዲስ መኪና ወሬ የላትም" አለና ዱላውን ይዞ ተከተለኝ።

መጀመሪያ ጎብዬ የምትሸጥ ፔጆ አየን። ስታያት ታምራለች፤ ወንበሯ እንደ ፍራሽ ነው። አሕመዲን ዙሪያዋን እየሄደ ጎኗን በዱላው መታ መታ ያደርግ ጀመር።

"ምን ትደበድባታለህ? በሬ መሰለችህ እንዴ?" አለ ባለቤቱ።

"በሬ ብትሆንማ ጥርሷን አይ ነበር።"

ከበሩ በታች ሲደርስ የዱላው ድምፅ ታፈነ። ቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ እንጂ ቆርቆሮ አልነበረም። መለዋወጫዋም ከእንግዲህ አይገኝም። ዓይኔ እዚያው ቀረ፤ እኔ ግን መጣሁ።

ሮቢት ላይ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ታምሬ ዲኤክስ ኮሮላ እንዳላቸው ሰማን። ታውቃታለህ፤ መንገድ ላይ ስታልፍ ዞር ብለህ ታያት የነበረችው፣ ሰማይ የመሰለችው። የፋብሪካ ቀለሟ ነው፤ ፀሐይ አደበዘዘው እንጂ ሌላ ቀለም አልነካትም። ዱላው በሄደበት ሁሉ አንድ ድምፅ ሰጠ። አሕመዲን እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አቆማትና "አሁን አስነሺያት" አለኝ። በአንድ ቁልፍ ተነሣች። አሸዋው ላይ አስነድቶኝ ከኋላ እየተከተለ አካሄዷን አየ። "አታነክስም። ትንፋሿም ንጹሕ ነው" አለ።

ከዚያ ከአፋር ግመል ነጋዴዎች እንደለመደው የጋሽ ታምሬን እጅ ይዞ ኩታው ሥር አስገባ፤ ዋጋውን በጣት ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አላየሁም። ጋሽ ታምሬ አንድ ጊዜ ሳቁ፣ አንድ ጊዜ እጃቸውን ነጠቁ፣ በመጨረሻ ተመራረቁ።

ልንነሣ ስንል አሕመዲን እንደ ገበያ ልማዱ "በል ገመድህን ውሰድ" አላቸው። በሬ ሲሸጥ በረካው ከቤት እንዳይወጣ ሻጩ ገመዱን ያስቀራል አይደል? አፉ አምልጦት ነው። ጋሽ ታምሬ ግን "እውነትህን ነው፤ ይቺንማ ባዶ እጄን አልሸኛትም" ብለው ጎንበስ አሉና የማርሹን እጀታ ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ልማድ ነው ያናገረኝ።"

"እኔም በልማድ ነው የወሰድኩት።"

ጋሽ ታምሬ ኪሳቸው ውስጥ እጀታውን ሲያሹት አይቼ እኔ መልሱልኝ አላልኩም፤ የመዳፋቸው ቅርጽ ያለበት ነገር ነው።

ባዶው ዘንግ በፀሐዩ ግሎ ስለነበር ሻሼን ጠቅልዬበት እስከ ቆቦ ነዳሁ። አሕመዲን ከጎኔ "አዲስ ታገኚላታለሽ" ይለኛል። እኔ ግን የት እንዳለ አስታውሼ ነበር።

አለቆችህ ስብሰባ ሲገቡ አንተ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠህ በሰንጢ የቀረጽካት የወይራ እጀታ። እማዬ "ለየትኛው መኪና ነው?" ስትልህ "ለምትመጣው" አልካት። እኛ ሳቅን፤ አንተ አልሳቅክም። ከመፍቻዎችህ መካከል በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘኋት። ካሳ መካኒኩ ውስጧ የብሎን ዳዶ ቀብሮ ዘንጉ ላይ አሰራት። ማርሹ ላይ የተሰፋች ትመስላለች። እኔ ስይዛት ትሰፋኛለች፤ የተቀረጸችው በአንተ እጅ ልክ ነው።

ስለዚህ አባቴ፣ የሰው መኪና ናት አትበለኝ። እኔ የገዛሁት የቀረውን ነው፤ እጀታዋን አንተ አስቀድመህ ሠርተሃል።

ሐሙስ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሳታያት ትሰማታለህ። እስከ ቤት እኔ እነዳለሁ፤ ጉድለቴን እየነገርከኝ እንመጣለን። ሐኪሙ መንዳት ትችላለህ ያለህ ቀን ግን ከቆቦ እስከ ጎብዬ አንተ ትነዳለህ። ምንም አንጭንም፤ ማንንም አናደርስም። መንገድ ላይ "ወዴት ነው?" የሚለን ካለ፣ መልሱን ለአንተ ትቼዋለሁ።

የሹፌሩ ልጅ
ፈሪሀ