የጋሽ ጸሐፊ ሕይወትና የሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሰዎች ፊርማ

በከተማው ሰው ዘንድ ጋሽ ጸሐፊ በሚል መጠሪያ የሚታወቁት ሟች፣ ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ በወንዙ ዳር በነበረው ታችኛው ሰፈር፣ ጥቅምት 9 ቀን 1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአራት ልጆች ሁለተኛው ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሯቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። ሰሌዳቸው አባታቸው የላጉት ሳንቃ፣ መጻፊያቸውም የአናጢ እርሳስ ነበር። ሳንቃው በር ሆኖ ሲሸጥ ፊደሉም አብሮ ስለሚሄድ፣ ጋሽ ጸሐፊ «የእኔ ትምህርት የሰው ቤት በር ሆኖ ቀርቷል» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በ1957 ዓ.ም. በጽሕፈት ሥራ ሰልጥነው በማዘጋጃ ቤቱ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። የማንንም ደብዳቤ፣ የከንቲባውንም ቢሆን፣ ሳያርሙ ስለማያሳልፉ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ነጠላ ሰረዝ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። «እሱ ሲያዛጋ እንኳ በአራት ነጥብ ይዘጋል» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት በታችኛው ሰፈር ተቅማጥና ትውከት ገባ። ሰፈሩ የሚጠጣው የወንዙን ውሃ ነበር። ሁለቱ ታናናሾቻቸው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አረፉ። ሁለቱንም ሳጥኖች የሠሩት አባታቸው ናቸው። ለሁለተኛው የሚሆን ጣውላ ስላልነበራቸው የቤታቸውን መደርደሪያ ፈቱ። ጋሽ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ስለ ንጹሕ ውሃ ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጥ እንደነበር የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ።

በ1965 ዓ.ም. በጤና ጣቢያ በነርስነት ያገለግሉ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፈሩ። በ1968 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኑ።

ስለ አሠራራቸው እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል። ሌላው ጸሐፊ ስብሰባው ካለቀ በኋላ የሚጽፈውን ጋሽ ጸሐፊ ከስብሰባው በፊት ይተይቡት ነበር። አጀንዳውም የሚጠበቀው ውሳኔም ቀድሞ ይሰፍራል። በስብሰባው ሌላ ነገር ከተባለ ያንን ቦታ ብቻ ያርማሉ። ተሰብሳቢው ደግሞ ሲገባ በሩ ላይ መገኘቱን በፊርማው ያረጋግጣል፤ ወረቀቱም ከቃለ ጉባኤው ኋላ በአባሪነት ይያያዛል። ሥራውን ስለሚያፋጥን አለቆቻቸው አመሰገኗቸው። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም፤ እሳቸውም አላሰቡም።

በ1976 ዓ.ም. ከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ እንዲሠራለት ተፈቀደ። መሐንዲሶቹ የመረጡት ቦታ ታችኛው ሰፈር ነበር። ሕጉ ነዋሪው ካልተስማማ አይነሳም ይላል። የካቲት 14 ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በሩ ላይ የፊርማውን ወረቀት ይዘው የቆሙት ጋሽ ጸሐፊ ራሳቸው ነበሩ። ልብስ ሰፊ የሆኑት ታላቅ እህታቸው ወንድማቸውን ለማክበር ብለው ከሰው ሁሉ ቀድመው ፈረሙ። ከእሳቸው በኋላ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ፈረመ።

የእህታቸው ባል ወፍጮ ነበራቸው። ተነሥተው «ውሃው ይምጣ፤ የጥማትን ነገር ለእኛ የሚነግረን የለም። ግን መጀመሪያ እኛን ጠጥቶ አይምጣ» አሉ። ቀጥለውም ወደ ጋሽ ጸሐፊ ዞረው «አማቼ፣ ይህቺን ጻፋት፤ ነጠላ ሰረዙን ተወው» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ጸሐፊም ሳቁ፤ በማስታወሻ ደብተራቸውም ጻፉት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ተቃወሙ። ጣቢያው ከሰፈሩ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ይሠራ ብለው ተበተኑ።

ከሰዓት በኋላ ከንቲባው ጋሽ ጸሐፊን ወደ ቢሯቸው አስጠሩ። ሰኞ የስምምነቱ ወረቀት ካልደረሰ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ እንደሚዞር ነገሯቸው። «ሕጉ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ አንተ ጋ ነው» አሏቸው። ቀድሞ በተተየበው ቃለ ጉባኤ ላይ «ነዋሪዎቹ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚል ሰፍሯል። ጋሽ ጸሐፊ ማድረግ የነበረባቸው አለማረም ብቻ ነበር። አላረሙም። የበሩን ፊርማ ከኋላው አያይዘው ማኅተም አሳረፉበት። ያን ጊዜ የሁለቱ ታናናሾቻቸው ሳጥኖች ዓይናቸው ላይ እንደነበሩ ኋላ ተናግረዋል።

በሦስት ወር ውስጥ ታችኛው ሰፈር ፈረሰ። ነዋሪው ከከተማው ውጪ ወዳለው ነፋሻ ሜዳ ተወሰደ። ጣቢያው ተሠራ፤ ቧንቧው ግን እነዚያ ሰዎች ጋ ሳይደርስ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በመጀመሪያው ክረምት ሰባት አረጋውያን ሞቱ። ባለወፍጮው ወፍጯቸውን የሚተክሉበት አጥተው፣ በሁለተኛው ዓመት ከሰው ጋር መነጋገር አቁመው አረፉ። በዚያው ዓመት የጋሽ ጸሐፊ ባለቤት፣ ነርሷ፣ የሚታመም ልጅ ስላነሰ በሕጻናት ክፍል ባዶ አልጋ ማየት ጀመሩ። በከተማው ያ በሽታ ዳግም አልተነሣም። ሁለቱም ሆኗል። አንዱን በሌላው ለመሰረዝ የሞከረ ሁሉ እስከ ዛሬ አልሆነለትም።

እህታቸው ከባላቸው ቀብር ጀምሮ አላናገሯቸውም። ጋሽ ጸሐፊ እስከ 1999 ዓ.ም. አገልግለው ሦስት የምስጋና ወረቀት ተቀብለው ጡረታ ወጡ። በሩቅ አገር ተምራ የተመለሰችው ልጃቸው፣ ዓላማው መንገዱን ያጸድቃል ወይስ አያጸድቅም እያለች ትከራከራቸው ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ አንቺ ስለ መንገድ ታወሪያለሽ፤ እኔ የማወራሽ መንገዱ ላይ ስለነበሩት ሰዎች ነው» ብለው ክርክሩን ዘጉት።

በ2008 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤው እንዲታረም፣ ያን የማስታወሻ ደብተር ገጽ አያይዘው ለምክር ቤቱ አመለከቱ። ማመልከቻውን የተቀበለው እሳቸው ያሠለጠኑት ጸሐፊ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸውና «ጋሼ፣ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይነካም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አላቸው። ትክክል ነበር። ማረም የሚቻለው በሚቀጥለው ስብሰባ፣ በተገኙት ሰዎች ፊት ተነቦ ነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ግን ተጠርቶ አያውቅም።

ስለዚህ ወደ እህታቸው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን እህታቸው በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው «ምን አመጣህ? ደግሞ የምፈርመው አለ?» አሏቸው። ጋሽ ጸሐፊ በየሳምንቱ ሐሙስ ሄዱ። በሰባተኛው ወር በሩ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ክር ያስገቡላቸው ነበር፤ የእህታቸው ዓይን ደክሞ ነበርና። ይቅርታ የሚለው ቃል በሁለቱ መካከል አልተነሣም። አንድ ሐሙስ ግን ምክር ቤቱ እርማቱን እንዳልተቀበላቸው ሲነግሯቸው፣ እህታቸው ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀሩ «ሰው የሚሰበሰበው አንተ ስትሞት ነው። ሹሞቹም ይመጣሉ፣ የእኛም ሰዎች ይመጣሉ። ያኔ ይነበብ» አሏቸው።

ጋሽ ጸሐፊን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም አገኛቸው። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ከመሞታቸው አሥራ አንድ ቀን በፊት በእጃቸው የጻፉት እርማት በኑዛዜያቸው መሠረት እንደሚከተለው ይነበባል፦

«የካቲት 14 ቀን 1976 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ የተገኙት ሁለት መቶ አሥራ አራት የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች ከቦታቸው እንዲነሡ የቀረበላቸውን ሐሳብ አልተቀበሉም። የፈረሙት መገኘታቸውን ብቻ ነው። ተስማምተዋል ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሰው ቢኖርም እጁ የእኔ ነበር። የውሃው መምጣት ያን ቃል እውነት አያደርገውም።»

ባለቤታቸው ይህ እንዳይነበብ ጠይቀው ነበር። «ያ ወረቀት ባይኖር ይሞቱ የነበሩትን ልጆች ስም ማን ይጽፍልኛል? ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ አሉ» ብለዋል። ተቃውሟቸው እንዲሰፍር ስለፈለጉ ሰፍሯል።

ጋሽ ጸሐፊ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። እህታቸው ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ይቅር ብለው እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እባካችሁ እናንተም አትጠይቋቸው። በእሳቸው ስም መልስ የሚጽፍ ሰው ከእንግዲህ አይኖርም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእውነት ይዳኛት፤ ከዳኛትም በኋላ ይማራት። ከነፋሻው ሜዳም ከከተማውም ለመጣችሁ ሁሉ መጽናናቱን ይስጣችሁ።