ስኳር ያልነካው የአባ ኮምጣጤ ሕይወት

ጎረቤቱ ሁሉ “አባ ኮምጣጤ” እያለ የሚጠራቸው አባት፣ ከወይን ተክል ገራዥ አባታቸውና ጠርሙስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1935 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት የባሕር ዳርቻ አንድ ክፍል ቤት የባሕሩ ጭጋግ በመስኮት የሚገባባት፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ የማይደርቅባት ነበረች።

ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ወይን ጠጅ መጥመቂያ ቤት ተቀጠሩ፤ ኋላም የራሳቸውን ከፈቱ። እዚያ ዳርቻ ፀሐይ ስስታም ናት፤ ወይኑ ዘግይቶ ይበስላል፣ በስሎም ጎምዘዝ ይላል። ሌላው ጠማቂ ይህን እንደ ነውር ሲደብቅ እሳቸው ከነጉምዛዜው ጠመቁት። ቀጭን፣ ጨው ጨው የሚል፣ ምላስ የሚሰበስብ ነበር። “ያልጣመው ውሃ ይጠጣ!” ይሉ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ያንን ወይን ጠጅ ፊታቸውን ሳያጨማድዱ ጨርሰው “ይደገም” ያሉ ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ2004 ዓ.ም. ጉልበታቸው ሲከዳቸው መጥመቂያውን ለወንድ ልጃቸው አስረከቡ። ልጅየውም “ዘመኑ የሚፈልገው ጣፋጭ ነው” ብሎ ስኳር በጆንያ ገለበጠበት። ኧረ ስኳር ብቻ በሆነ! የአባቱን ፎቶ አስቆ ጠርሙሱ ላይ ለጠፈ። እሳቸው እኮ ለፎቶ ስቀው አያውቁም፤ ጥርሱ ፎቶው ላይ በእጅ የተሳለ ነው።

በሰባኛ ዓመት ልደታቸው ልጅየው እንግዳ ሰብስቦ ከዚያው ወይን ጠጅ ቀዳላቸው። በአፋቸው አዙረው አዙረው ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተፉት።

“ቱ! ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው! ፊቴን ከዚህ ላይ አንሳ!”

“አባዬ፣ ሰው ፊት…”

“ሰው ፊት ያዋረድከኝስ አንተ!”

ፎቶው ግን አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ የመጥመቂያውን ደጃፍ አልረገጡም። በሱቅ ባለፉ ቁጥር የገዛ ፊታቸው ከመደርደሪያ ላይ ሲስቅባቸው መንገዱን ተሻግረው ይሄዱ ነበር።

ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኙ ነርሷ ሽሮፕ በማንኪያ ብታቀርብላቸው፣ “ይሄንንም ልጄ ነው የጠመቀው?” አሉ። ለሴት ልጃቸው፣ ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ “ያን እጅ እጅ የሚል ነገር ቀብሬ ላይ እንዳትቀጂ” ብለው አደራ ሰጡ። ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ወንድ ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ያ የሚስቅ ፊት የተለጠፈባቸውን ጠርሙሶች በየሳጥኑ አምጥቶ ለሽኝታቸው በተሰበሰብንበት አዳራሽ በር ላይ ደርድሯል። ያስጠላል! ማንም እንዳይነካቸው። አባ ኮምጣጤ በእጃቸው የጠመቁት የመጨረሻው ወይን ጠጅ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ብርጭቆ የወንድ ልጃቸው ነው። እዚሁ፣ በአባቱ አስከሬን ፊት፣ ሳይተፋ ይዋጠው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን እንዳለች፣ ምንም ሳይጨመርባት ይቀበልልን።