ለደጋ ነው ያልኩት ዝናብ

ሰይዴ፣ አላህ ቀብርህን ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ይኸው ሊወጣ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለቴ ተነስቼ ደጃፍ ቆሜ ወደ ደሴ ተራሮች አይቼ ተመልሻለሁ። እዚያ ሰማዩ ጠቁሯል፤ እዚህ ከሚሴ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ድሮ ቢሆን ልብስ አጥቤ አሰጣ ነበር። አሁን መቀመጥ አቅቶኛል።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። ከኋላ በኩል ቦይ አስቆፍሬያለሁ። የማሽላውን ጆንያ ከመሬት አንስቼ ቆጥ ላይ አውጥቼዋለሁ። የቤቱን ካርታ፣ የልጃችንን የፋጡማን የትምህርት ወረቀት፣ ያንተንም ፎቶ በላስቲክ ጠቅልዬ ከጣራው ሥር አስሬያለሁ። ሬዲዮው የአየር ትንበያ ሲጀምር ቤቱን በሙሉ ጸጥ አሰኛለሁ፤ ጎረቤት ቢገባ እንኳ ሰላምታ አልመልስም። ፋጡማ ትስቅብኛለች። የሰፈሩ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም፤ ይበል።

ባለፈው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሬዲዮው በወሎ ደጋማ ቦታዎች ከባድ ዝናብ ይጠበቃል፣ ወንዝ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ አለ። ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሰው በባጃጅ እየዞረ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያላችሁ ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ውጡ እያለ በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። እኔ እቃ ሳነሳ እናትህ አልነሳም አሉ።

ዘንድሮ እኛ ጋ ዝናቡ ጠፍቶ ማሽላው ጨፋ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲደርቅ ነበር። ዓርብ ዕለት የሰፈሩ ሴቶች እኛ ቤት ተሰብስበን ዱአ አድርገናል፤ የመሩን እናትህ ናቸው። ዳመናው ደጋው ላይ ሲከመር እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። እንውጣ ስላቸው፣ ሂን ዴሙ፣ አልሄድም አሉኝ። ረህመትህን፣ ዝናብህን ስጠን ብዬ አልቅሼ ለምኜ፣ ሲሰጠኝ እግሬ አውጪኝ ልበል? አላህን አላፍርም? ደግሞስ የታል ዝናቡ፣ ጠብ ያለ ነገር አለ? አሉ። የሚዘንበው ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው የሚወርደው ግን እኛ ላይ ነው ብል ማን ይስማኝ። ፋጡማ አለቀሰች። እሳቸው መደባቸው ላይ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። እናትህን ታውቃቸዋለህ፤ ድርቅ ካሉ ድርቅ ነው።

ያኔ ነው ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ያወጣሁት። ለማንም ተንፍሼው አላውቅም፤ አንተም ሳትሰማው ነው የሄድከው። ያን ቀን ጠዋትም ሬዲዮው ይህንኑ ብሎ ነበር። አንተ ጓሮ ውዱእ ስታደርግ፣ ምን አሉ? ብለህ ጠየቅከኝ። ለደጋ ሰዎች ነው፣ እኛን አይመለከተንም አልኩህ። ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅብኝም ብዬ አጠፋሁት። ከብቶቹን ነድተህ ወደ ጨፋ ወረድክ። እዚህ አንድ ጠብታ አልወረደም። በጠራራ ፀሐይ፣ ደረቅ መሬት ላይ እንደቆምክ ውሃው መጣብህ።

ይህን ሁሉ ለእናትህ ነገርኳቸው። ልጅዎን የሰደድኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎንም ውሃ ሲወስድ ቁጭ ብዬ አላይም አልኳቸው። ረግመው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። ሻርፓቸውን ተከናንበው ተነሱ። ላሚቱን ፈታሁ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፣ እጃቸውን ይዤ ከፋጡማ ጋር ወጣን።

አስር ሰዓት ሳይሞላ ቦርከና ሞልቶ ወጣ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆነን፣ ላያችን ላይ ፀሐይ እያቃጠለን፣ ቤታችን እስከ መስኮቱ ሲዋጥ አየን። እናትህ ተቀምጠውበት የነበረው መደብ ፈርሷል። ቆጥ ላይ ያወጣሁት ማሽላ ተረፈ። ላሚቱም ዳገት ላይ ሣር ስትግጥ ተገኘች፤ አልሃምዱሊላህ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። እናትህ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ ልጄ፣ ያን ቀን እኔም ጓዳ ሆኜ ሬዲዮውን ሰምቼው ነበር አሉኝ። አንቺ የመለስሽለትንም ሰምቻለሁ፤ እውነቷን ነው ብዬ ዝም አልኩ አሉ። ከዚያ ወዲህ ዓይንሽን ማየት የከበደኝ ለዚህ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን።

ለካ ሁለታችንም ሰምተን ነው የሸኘንህ፣ ሰይዴ። አፉ በለን። አሁን ውሃው ጎድሎ ወደ ቤታችን ተመልሰናል፤ ትንበያውን አብረን ነው የምንሰማው፤ የሌላ አገር ስም ሲጠራ እንኳ አናጠፋውም። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ያ ጥያቄህም ከጆሮዬ አይወጣም። ቢዘገይም ዛሬ ልመልስልህ። ከባድ ዝናብ ይመጣል ብለዋል፣ ሰይዴ። አትውረድ።