በቀኝ ዓይኔ ብቻ ያየሁት

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
መርካቶ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለልጄ ለሁዛይፋ፣ ጓንዡ፣ ቻይና

አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ ጌታ። ደህና ነኝ እንዳልልህ፣ ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ዛሬ ጠዋት ስድስት ሜትር ላዘዘች ደንበኛ አራት ሜትር ቆረጥኩላት። ከፊት ለፊቴ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው አበራሽ ጉድ አለች። "እትዬ ጠሂራ፣ ምን ሆነዋል? መቀስዎ ሲስት አይቼ አላውቅም እኮ!" "ኔትወርክ ነው" ብዬ አሳቅኳት። ሳቁ ግን ከአፌ አላለፈም።

በስልክ ያልጠየቅኩህ ወሬ ትቀይርብኛለህ ብዬ ነው። ጎረቤቴ ነጋዴው ሰላሃዲን ሐሙስ ዕቃ ሊያመጣ እናንተ ጋ ይበርራል። ይህን ወረቀት እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ያን ስልክ የሚሰካበትን የቪዲዮ መነጽር የላክልኝ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ስልኩን ሰክቼ ዓይኔ ላይ ሳደርገው አፍንጫህ ወደ እኔ ወጥቶ ታየኝ፤ ልይዝህ እጄን ስዘረጋ የሻይ ብርጭቆ ደፋሁ። አንተ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ባቆምነው በሌላው ስልክ እያየኸኝ በሳቅ ሞትክ። ያን ቀን ነው ሥራህን ያስረዳኸኝ።

"እማ፣ ለሁለቱ ዓይንሽ ሁለት ቪዲዮ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ሙሉ ብልከው የመርካቶ ኔትወርክ አይችለውም። ስለዚህ የግራውን ሙሉውን እልካለሁ፤ ከቀኙ ግን የሚለየውን ብቻ። ሌላውን ስልክሽ ከግራው እየወሰደ ይሞላዋል።"

ገባኝ። ልብስ ሰፊም አንዱን እጅጌ ከቆረጠ በኋላ ሁለተኛውን በሱ ላይ አስተኝቶ ነው የሚቆርጠው። "የሚለየውስ ምንድነው?" ብልህ፣ "ከትከሻዬ ጀርባ ግራ ዓይንሽ የማያየው፣ ቀኝሽ ግን የሚያየው ትንሽ ቦታ አለ። እሱ የግድ ለብቻው ይላካል" አልከኝ። ይህን ባትነግረኝ ይሻልህ ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ መነጽሩ ራሴን ሲያሳምመኝ ላሳርፈው ብዬ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላህ ያው ክፍልህ ነው፤ መጽሐፍ መደርደሪያው፣ መስኮቱ። ከትከሻህ በስተቀኝ ግን፣ ጣት በምታህል ክፍተት፣ ቀጭን ብረት ቆሟል። ጫፉ ላይ የግሉኮስ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ግራውን ገልጬ ቀኙን ስጨፍን ብረቱ የለም። ሁለቱንም ስገልጥ እዚያች ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እስከዚያ ቀን ኔትወርክ ነው ስል የኖርኩት እሱን ነው።

እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ ልጄ። ጣቃ ሲመጣልኝ ፊቱን ለገዢ ትቼ ጀርባውን ነው የማየው። ያ ክፍል ምስል ነው፤ ከኋላህ የለጠፍከው አንተ ነህ። በግራ በኩል አሳምረኸዋል፤ የቀኟን ክፍተት ግን ረስተሃታል። መስኮትህ ላይ ሁልጊዜ ጠዋት መሆኑንም ቀድሜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት እሁድ አውርተናል። "ወፈር ብለሃል" ስልህ፣ ስለ አበራሽ ልጅ ሰርግ ሳጫውትህ፣ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ ከረጢቱ ሲጎድል እያየሁ ነበር። መነጽሩ ስለሸፈነኝ አላወቅክም። ስልኩ ሲዘጋ መነጽሩን አውልቄ ውስጡን በሻርፔ ጫፍ እጠርገዋለሁ።

ፈርቻለሁ፣ ሁዛይፋ። ወላሂ ፈርቻለሁ። ምንህን ነው ያመመህ? ከመቼ ጀምሮ? ሐኪሞቹ ምን አሉህ? እንዳልጨነቅ ብለህ ከሆነ፣ ይኸው ተጨንቄያለሁ፤ አልተሳካልህም።

እሁድ መነጽሩን አላደርገውም። እንደ ሰው ሁሉ በተራ ቪዲዮ እንነጋገር፤ ቢቆራረጥም ይቆራረጥ። አንተ ዓይኔን ታያለህ፣ እኔ የተኛህበትን አልጋ ልይ። ያንን የለጠፍከውን ክፍል አንሳልኝ። ለፓስፖርትም አሻራ ሰጥቻለሁ፤ አትምጪ ብትለኝ አልሰማህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው እሁድ በዚያች ክፍተት የሴት እጅ ገብቶ ከረጢቱን አስተካከለ። ከዚያ ትከሻህን ዳበስ አድርጎ ወጣ። ነርስ ናት እንዳልል፣ ጣቶቿ ሂና የሞቁ ናቸው፤ አንተም ሲነኩህ ንግግርህ ጠፋብህ። ማን ናት ብዬ አላስጨንቅህም፤ አንተ ራስህ ትነግረኛለህ። ካለኝ ሐር ሁሉ ጥሩውን መርጬ ቀሚስ አሰፍቼላታለሁ፤ ሰላሃዲን ይዞላታል። የእጅጌውን ልክ በአንድ ዓይኔ ነው የወሰድኩት፤ ከክርኗ በላይም አላሳየኸኝም። ቢጠባት ጥፋቱ ያንተ ነው።

ከአንዋር መስጊድ አዛን በተሰማ ቁጥር ስምህን እየጠራሁ ዱዓ ላይ ነኝ። አላህ አፊያህን ይመልስልህ፤ እኔ እስክደርስ ያንን እጅ ካጠገብህ አያርቅብኝ።

እናትህ ጠሂራ