በፈረቃ ለሚፈልቅ ጠበል ድንኳን ለተከሉ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ስጦታው
የማኅበራዊ ሰላም ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ወገብዎስ እንዴት ሰንብቷል? የምጠይቀው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። ከአሮጌው የእህል መጋዘን ጀርባ ነጠላ አገልድመው፣ ውኃው ከአናትዎ እየወረደ የተነሡትን ፎቶግራፍ በጽሕፈት ቤትዎ የቴሌግራም ገጽ አይቼ፣ ከሥሩም «አሥራ አንድ ዓመት ያሠቃየኝ ወገቤ በአንድ ቀን ተፈወሰ» የሚለውን ምስክርነት አንብቤ ነበር። ባለፈው ሰኞ በሁለት ሰው ተደግፈው ከመኪና ሲወርዱ ባየሁ ጊዜ ግን የፈውሱ ነገር አሳሰበኝ።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከዚያ በፊትም በቅኔ ቤት ጥቂት ዘመን የቆየሁ ሰው ነኝ። «የሕዝብን እምነት ተዳፍሯል» የሚል ማስጠንቀቂያ በማኅተም አስጊጠው ስለላኩልኝ፣ በሦስት ቀን ውስጥም በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ ስላዘዙኝ፣ እነሆ ታዝዣለሁ። ክስዎ አራት ነጥብ ስላለው በየተራው እመልሳለሁ። በመካከሉ ነገሬ ከተራው ቢወጣ በእርጅናዬ ያሳብቡልኝ።

፩ኛ፤ «የፈለቀውን ጠበል የቧንቧ ውኃ ነው በማለት አሉባልታ ነዝቷል» ብለዋል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር፣ መሬቱ ርሶ ውኃ ብቅ አለ። በዓርቡ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል፣ ራሱን ባሕታዊ ብሎ የሾመ፣ ከየትኛው ገዳም እንደ መጣ ማንም ያልጠየቀው ሰው ዙሪያውን በድንጋይ አስከብቦ ጉልበት የሚያህል ገንዳ አሠራና ማጥመቅ ጀመረ። ውኃው ማክሰኞና ዓርብ ይፈልቃል፤ በሌላው ቀን ይደርቃል። ማክሰኞና ዓርብ የሰፈራችን የውኃ ፈረቃ መሆኑን የማያውቅ የቢቸና ሰው የለም፤ ባልዲውን ደርድሮ የሚጠብቀው በእነዚያ ቀኖች ነውና። ያው ሰው በቤቱ ቧንቧ በመጣው ውኃ ድስቱን አጥቦ ሲያበቃ፣ ከዋንዛው ሥር ለሚወጣው ለዚያው ውኃ ጫማውን አውልቆ ይሰለፋል። ባሕታዊው ሁለቱን ቀኖች መላእክት እንደ መረጧቸው ሰበከ። በሦስተኛው ሳምንት ፈረቃው ወደ ሐሙስ ቢዛወር መላእክቱም አብረው ተዛወሩ። ውኃው በረኪና በረኪና ሲሸት «የመድኃኒትነቱ ምልክት ነው» ተባለ።

የደብራችን መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው፣ ይህ ውኃ ቤተ ክርስቲያን የማታውቀው፣ ያልተባረከ መሆኑን፣ የሐኪም መድኃኒት መዋጥም ኃጢአት እንዳልሆነ ተናግረዋል። ክቡርነትዎ በማግሥቱ ድንኳን ተከሉ፤ ወንበር አስደረደሩ፤ ለባሕታዊው የትብብር ደብዳቤ ጻፉለት። የሕዝብን እምነት ከራሱ ከመሪጌታው አድነው ለመጠበቅ ያደረጉትን ተጋድሎ ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ።

፪ኛ፤ «ምእመናንን ንቋል» ብለዋል። በዚህ ነጥብ እውነት አለዎት፤ ንቄአለሁ። ነገር ግን አናናቄን በትክክል ስላልመዘገቡልኝ ልዘርዝረው።

በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ዋንዛው ሄጄ ውኃውን አሸተትሁ፤ ቅዳሜ ተመልሼ ደረቁን ገንዳ አየሁ። ከዚያ በውኃ አገልግሎት የሚሠራውን ወዳጄን ውበቴን ጠየቅሁት። ውበቴ ቧንቧው በዚያ በኩል እንደሚያልፍና ከተቀበረ ሃያ ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ፤ መፈንዳቱንም እንደሚያውቅ፣ ነገር ግን አካፋ ይዞ ቢሄድ ሕዝቡ እርሱኑ እንደሚቀብረው ጨመረልኝ። ሁለታችንም ሣቅን። ሰው የሚያምነውን መንካት ነውር ነው ተባባልንና እየተሣሣቅን ተለያየን።

የጎረቤቴ ልጅ ይርጋነሽን ያውቋት እንደ ሆነ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ እኔም በዘመኔ አስተምሬአታለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክኒኗን በሥርዓት መዋጥ ከጀመረች ወዲህ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አልጣላትም ነበር። ባሕታዊው ክኒንና ጠበል በአንድ ሰውነት አይስማሙም፣ ክኒን የሚውጥ ጠበሉን ተጠራጥሯል ብሎ ሰበከ። እርስዋም አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ በደጄ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ይህን ጠበል እንዴት አዩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሌላ ሰው አልጠየቀችም፤ የባዮሎጂ መምህሯን ጠየቀች። እኔም ቧንቧውንም፣ ፈረቃውንም፣ በረኪናውንም እያወቅሁ፣ «እምነትሽ ነው የሚያድንሽ» አልኋት። ጨዋ መልስ ነው። ማንንም አያስቀይምም። አመስግናኝ ሄደች።

በማግሥቱ ክኒኗን አቆመች። በሁለተኛው ሐሙስ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ግድም፣ ከገንዳው ውስጥ ቆማ ሳለች ጣላትና በግንባሯ ውኃው ውስጥ ተደፋች። ሰውነቷ ሲንፈራገጥ ያየው ሕዝብ ርኩስ መንፈስ እየወጣ ነው ብሎ እልል አለ። ባሕታዊውም መስቀሉን በጀርባዋ ላይ ተጭኖ ያዘ፤ ወደ ታች ማለት ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ወደ ውኃው። ክቡርነትዎም በድንኳኑ ውስጥ ከፊተኛው ወንበር ላይ እንደ ነበሩ፣ ሁለት እጅዎን ወደ ሰማይ እንደ ዘረጉም ነግረውኛል። እኔ በዚያች ሰዓት ቤቴ ውስጥ ከዚያው ቧንቧ ባልዲ እየሞላሁ ነበር። እልልታውን ሰምቼ ለብቻዬ ሣቅሁ።

፫ኛ፤ «ሙሐመድሸሪፍ የተባለውን የሞጣ ነጋዴ አነሣሥቶ በስፍራው ሁከት አስፈጥሯል» ብለዋል። ይህን ሰው ከዚያ ቀን በፊት በዓይኔ አላየሁትም። የላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከየአቅጣጫው ለሚመጣው ሕዝብ ጀሪካን ሊሸጥ ከሞጣ ጭኖ መጥቶ ነበር። ዘይዳ የምትባል እኅቱ ይኸው በሽታ አለባት። እርስዋንም ዘመዶቿ በዚያው በሞጣ እየደገምሁ እፈውሳለሁ ከሚል ሰው ዘንድ ወስደዋት፣ ያም ሰው መድኃኒቷን አስጥሏት፣ ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ ተቃጥሏል። ቂልነት በሃይማኖት አይለይም፤ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ደጅ በእኩል ያድራል። ስለዚህ ሙሐመድሸሪፍ ሌላው ሰው ሁሉ ጋኔን ባየበት ቦታ ያየው የምትሰጥም ሴት ነበረች። ጀሪካኖቹን በትኖ፣ ከነጫማው ገንዳው ውስጥ ገብቶ፣ ባሕታዊውን በትከሻው ገፍትሮ አወጣት። በጎኗ አስተኝቶ ውኃውን ከአፏ አፈሰሰ።

ጀርባውን በድንጋይ መቱት። እርስዎ ደግሞ ስፍራውን አርክሷል ብለው አሳሰሩት፤ እስከ ማታም ታስሮ ዋለ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ዋስ ሆኑት። ምን ብሎ ቃሉን እንደ ሰጠ መሪጌታው ነግረውኛል። «እኔ ስለ ጠበላችሁ የማውቀው የለም፤ ሰው በውኃ ውስጥ እንደማይተነፍስ ግን አውቃለሁ» ነው ያለው። በመላው ንግግር፣ በመላው ስብከት፣ በጽሕፈት ቤትዎም መግለጫ ሁሉ ውስጥ በዚያ ወር በቢቸና የተነገረው ብቸኛው የተማረ ቃል ይህ ነው። የተናገረው ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው።

ይርጋነሽ ሳንባዋ ውኃ ገብቶበት ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በአምስተኛው ቀን፣ መናገር ስትጀምር፣ ሄጄ ጠየቅኋት። ሰው ነግሯት ኖሮ አጠገቧ እንደ ተቀመጥሁ፣

«ቧንቧ መሆኑን መቼ ዐወቁ?» አለችኝ።

«በመጀመሪያው ሳምንት» አልኋት።

«ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?» አለች። አልተቆጣችም፤ ተማሪዋን እንደምትጠይቅ መምህር መልሱን ለማወቅ ነበር የጠየቀችኝ።

እምነትሽን ስለማከብር ነው ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ይህን ትቼ «ይቅር በይኝ» አልኋት። ምክንያቱ ውሸት ነበረና። ያልነገርኋት ስለማከብራት አይደለም። እውነቱን መሸከም አትችልም፣ ቢነገራትም አይገባትም፣ ደግሞም ለእኔ ምኔ ናት ብዬ ነው። ንቀት ማለት ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ እርስዎ በማስጠንቀቂያዎ ላይ መመዝገብ የነበረብዎት ይህንን ነው። ሰውን ማክበር «ተሳስተሃል» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ሆኖ ሳለ፣ እኔ ቀልዴን ለውበቴ፣ ጨዋነቴን ለይርጋነሽ አካፍዬ ተቀምጬ ነበር። ተጠራጣሪ ሰው አማኝን መሞገት ይገባዋልን እያሉ በየአዳራሹ የሚከራከሩ ሊቃውንት እንዳሉ እሰማለሁ። እኔ የሰውን ጸሎት ልቆጥር፣ ተንበርክኮ ያለውን ላስነሣ አልሻም፤ ከፈጣሪዬ ጋር ያለኝ ጉዳይም በእርስዎ ጽሕፈት ቤት በኩል አያልፍም። አንድ ሰው በፈጣሪ ስም «መድኃኒትሽን ጣዪ» ባለ ጊዜ ግን የማያውቅ ሰው ዝምታ አለማወቅ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ዝምታ ደግሞ ያንን መስቀል አብሮ መጫን ነው።

፬ኛ፤ «የመንግሥት ንብረት የሆነውን የውኃ መዝጊያ ያለፈቃድ አዘግቷል» ብለዋል። ይህ ቃል በቃል እውነት ነው።

በተከታዩ ሐሙስ ከገንዳው አጠገብ ከድንጋይ ላይ ወጥቼ የማውቀውን ሁሉ ተናገርሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማወቄንም፣ ዝም ማለቴንም ሳልደብቅ። ሰደቡኝ። ከዚያ ስልሳ እርምጃ ርቆ ወደ ቆመው ወደ ውበቴ እጄን አነሣሁ፤ ውበቴም መዝጊያውን አዞረ፤ ጠበሉ ቆመ። እጄን አወረድሁ፤ ፈለቀ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሕዝቡ ጮኸ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ዝም አለ፤ በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አንሥተው እያራገፉ ሄዱ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ባሕታዊው ሱባኤ እገባለሁ ብሎ ከቀትር በፊት በሞጣ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሁሉም አመነኝ እንዳልል፣ ዛሬም ከጭቃው እየዘገኑ የሚወስዱ አሉ፤ ጠበሉን ያደረቅሁት በክፋቴ ነው የሚሉም አሉ። ውበቴ ከሥራው ለአንድ ወር ታግዷል፤ ቧንቧው ግን ተጠግኗል። ሙሐመድሸሪፍ ጀርባው ድኖ ንግዱን ቀጥሏል፤ ወደ ቢቸና ግን ተመልሶ አልመጣም፤ አልፈርድበትም።

ይርጋነሽ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። በየማለዳው ትጸልያለች፤ ጸሎቷን ስትጨርስ ክኒኗን ትውጣለች። ሁለቱ በአንድ ሰውነት ተስማምተው እየኖሩ ነው። ስለ እኔ ምን እንደምታስብ አልጠየቅኋትም፤ በመንገድ ስንገናኝ ትሳለመኛለች፤ በደጄ ቆማ ግን ምንም አትጠይቀኝም።

ስለዚህ ያዘዙኝን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ የጠየቅሁት ግን ከይርጋነሽ ነው። ለእርስዎ የሚተርፍ ይቅርታ በእጄ ባለመኖሩ በታላቅ ትሕትና አዝናለሁ።

ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለወገብዎም በቅርቡ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደው በምስጢር የሚያዩትን ሐኪም ጥበብ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የክቡርነትዎ ማስጠንቀቂያ የደረሰው፣ ያልታረመ
ገብረ ሕይወት ፋንታ
ቢቸና

ግልባጭ፤
ለመምህርት ይርጋነሽ፣ ቢቸና
ለአቶ ሙሐመድሸሪፍ፣ ሞጣ
ለአቶ ውበቴ፣ ከሥራ ለታገደበት ቤቱ

ማስታወሻ፤ መልስ ለመጻፍ እንዳይደክሙ አንዲት ቃል ብቻ ትበቃኛለች፤ «አጣርቻለሁ» የምትል። በቅኔ ቤት ይህች ቃል ኅብር አላት ይሉናል፤ ለወሬም ትሆናለች፣ ለውኃም ትሆናለች። ክቡርነትዎ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወሬውንም ውኃውንም ሳያጣሩ ስለጠጡ፣ ፍቺዋ ቢያስቸግርዎ ከሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱን ልልክልዎ እችላለሁ።