የገመቺስ ሳቅ የጠፋበት ቀን

ውድ ገለቴ፣

ሰበታ ውስጥ ስንት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተዋስነን ኖርን፤ ቡራዩ ከገባሽ ወዲህ ግን ወሬሽን የምሰማው በሰው አፍ ነው። «ደህና ናት» ይሉኛል። ልጇን የቀበረች ሴት እንዴት ደህና እንደምትሆን አልጠይቃቸውም።

ይህን የምጽፈው ይቅር በዪኝ ለማለት አይደለም። እሱንማ ለቅሶው ላይ ተንበርክኬ ብዬሽ ፊትሽን አዙረሽብኛል። የምጽፈው ኦቦ ኩምሳ የነገሩሽንና የሆነውን ለይተሽ እንድታውቂ ነው።

የማስተር ፕላኑ ረብሻ ሳይብስ ልጅሽ ገመቺስ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ፎቶ ቤታችን መጣ። ባሌ ፈቀደ ከሞተብኝ በኋላ ካሜራውንም ኮምፒውተሩንም የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«አፍህን ግጠም፣ ለመታወቂያ ነው» አልኩት።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቀኝ አንድ ቀን እንኳ ይሳቅ እንጂ!»

እሱ ሳቀ፤ እኔም እየሳቅኩ ካሜራውን ተጫንኩት። «ነገ መጥተህ በደንብ ትነሳለህ» ብዬ ሸኘሁት። አልመጣም። መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ልጅሽን በጥይት መቱት። ስልኩም አብሮት ጠፋ። ካደገ ወዲህ የተነሳው ፎቶ እኔ ጋ ያለው ብቻ ሆነ።

ለለቅሶ የሚያዘውን ፎቶ ሊያሠሩ የመጡት የባልሽ ወንድም ኦቦ ኩምሳ ናቸው። «የሚስቅ ሟች ይዘን ድንኳን አንገባም» አሉኝ። «ኮት አልብሺው፤ አፉንም ዝጊው።»

ውጭ ይተኮሳል፤ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው «ቶሎ በይ፣ ቶሎ!» ይላሉ። ኮትና ክራቫት አለበስኩት። ከሌላ ጎረምሳ ፎቶ ላይ የተዘጋ ከንፈር ቆርጬ ለጠፍኩበት።

ፈቀደ «ዋናውን ፎቶ አትንኪ፤ መጀመሪያ ቅጂ አውጪለት፣ የሠራሽውን በሌላ ስም አስቀምጪ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ቅጂ ሳላወጣ ጀመርኩ፤ ሳስቀምጥም ስሙን አልቀየርኩም። ኮምፒውተሩ እንኳ በዚህ ስም ፎቶ አለ፣ ልተካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የቆጠርኩ፣ የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር የማነብ ሴት፣ ያችን አንድ መስመር ሳላነብ አዎ አልኩት። የካሜራውን ሚሞሪ ደግሞ ለሠርግ ሥራ ብዬ አስቀድሜ አጥፍቼዋለሁ።

ፎቶውን ስታዪ ጮኽሽ። «ያ ኢልማ ኮ! ልጄን! ይሄ ማነው? እትዬ ጥሩዬን አሳቅኳት ብሎኛል፤ የሚስቀውን ልጄን አምጪ!» ሮጬ ሄጄ ኮምፒውተሩ ላይ ዋናውን ፎቶ ከፈትኩት። ያው ኮት፣ ያው የሰው ከንፈር።

ኦቦ ኩምሳ በለቀስተኛው ፊት «እኔ ኮት ነው ያልኩት፤ አፉን ዝጊ መች ወጣኝ?» አሉ። አንቺም አመንሻቸው። «ሁለተኛ ገደልሽው» አልሽኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን የተኮሰውን ሰው ስም ማንም ሳይጠራ የኔ ስም ብቻ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። እሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሰኞ ልጅሽ ሄመን መጣች። እንዴት አድጋለች! ያን ፎቶ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

«እትዬ፣ እንዲስቅ አድርጊልን። የኔን ጥርስ ውሰጂ፤ ከወንድሜ ጋር እንመሳሰላለን።»

ካሜራውን አነሳሁ። ልትስቅልኝ ስትሞክር እንባዋ ወረደ። ካሜራውን አስቀመጥኩና «አልችልም» አልኳት። መቻሉንስ እችላለሁ፤ ብዙም አያለፋም።

ገለቴ፣ በልጅሽ ፊት ላይ አንድ ጊዜ የሰው አፍ ለጥፌያለሁ፤ ደግሜ አላደርገውም። የገመቺስ ሳቅ በግራ በኩል ይቀድም ነበር። ያን ከእህቱም ቢሆን ቆርጬ አልሰጥሽም። አንቺ ልከሻት ከሆነ በቂምሽ ላይ ይህንንም ጨምሪበት። ሳታውቂ መጥታ ከሆነ ግን አትቆጫት፤ የምትጠላኝ አንድ ሴት ትበቃኛለች።

መልስሽን የማልጠብቅ፣
የዱሮ ጎረቤትሽ ጥሩዬ
ሰበታ