ዓይኔን ካንቺ ያሸሸሁበት ምክንያት

ሰበታ፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ውድ ፋናዬ፣

ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰሚ እንደምትዘጊው አውቃለሁ፤ ብትዘጊም አልፈርድብሽም። ደግሞ በስልክ ሲሆን መዋሸት ይቀለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። እጄ መሪ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደምና ጽሑፌን ታገሺኝ።

ጫንጮ እናትሽ ቤት ከገባሽ አስራ አንድ ወር ሆነሽ። የሄድሽ ቀን በር ላይ ቆመሽ፣ «ወንዲ፣ ጠባሳዬን ማየት ካስጠላህ ለምን በግልጽ አትነግረኝም?» አልሽኝ። እኔም ፊቴን አዞርኩ። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። ጠባሳሽ አንድም ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም ፋኒዬ። ይህን መጀመሪያ ልበልና የቀረው ይከተል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሚኒባሷን ለሌላ ሾፌር ሰጥቼ ቤት ዋልኩ። ጎረቤት ብርጭቆ ሲሰበር ሸሚዜ በላብ ይርሳል። መሪ ስጨብጥ እጄ ይደርቃል። ለሰው ግን ወገቤን አሞኝ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ኦቦ ኢተፋ፣ እኚያ የመስመራችን ተራ አስከባሪ፣ ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው ከደረሰባት ነገር በኋላ (ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም) አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ በዓይን እንቅስቃሴ ታክማ እንደተሻላት አጫወቱኝ። እኔ ጠበል እገባለሁ እንጂ እብድ አይደለሁም ብዬ ተቆጣሁ።

«ጠበሉንም ግባ፣ ማን ከለከለህ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ማክሰኞ ግን ከኔ ጋር ትሄዳለህ።»

ሰውየውን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲይዙ አይለቁም። ሄድኩ።

ሐኪሟ ሰናይት ትባላለች፣ በዕድሜ ታናሽ እህቴ ብትሆን ነው። ፊት ለፊቴ ጎን ብላ ተቀመጠችና ሁለት ጣቶቿን አነሳች። አንቺ የተጎዳሽበትን ያን ቀን በልቦናዬ ይዤ፣ አንገቴን ሳላዞር፣ ጣቶቿን ግራና ቀኝ በዓይኔ እንድከተል ነገረችኝ። ኧረ ጉድ ነው፣ ለዚህ ነው ከሰበታ የመጣሁት? ዕድሜ ልኬን በመስታወት ግራ ቀኝ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ የሚታመም ሾፌር አይኖርም ነበር አልኳት። ሳቀች። ይሞክሩትና እንይ አለችኝ።

ጣቷን ታመላልሳለች፣ ታቆማለች፣ «አሁን ምን መጣ?» ትለኛለች። መጀመሪያ የመጣው የመኪናው መስታወት ፊትሽ ላይ ሲረግፍ ነበር። ጭንቀቱ ከአስር ስንት ነው ብትለኝ አስር አልኩ። ቀጥሎ የአቧራው ሽታ መጣ፣ ደም የነካው ነጠላሽ መጣ። አለቀስኩልሽ፣ እንደ ሕፃን። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ጣቷን አቁማ ምን መጣ ስትለኝ፣ ሳላስበው ካፌ ወጣ።

«ነፋስ አልነበረም።»

ምን ማለትዎ ነው አላለችኝም። እሱን ይዘው ይቀጥሉ ብላ ጣቷን አነሳች።

ፋኒ፣ ያ በማስተር ፕላኑ ምክንያት መንገዱ ሁሉ የታመሰበት ታህሳስ ነው። «ከናንተ ጋር ነኝ» የሚለውን ቅጠል መኪናው ላይ ሳያስር ከዓለም ገና ወደ ሰበታ የነዳ ሾፌር ከወጣቶቹ ድንጋይ ያገኘዋል፤ ቅጠል አስሮ ኬላ የደረሰ ደግሞ ከመኪናው ወርዶ በወታደሮች ይደበደባል። ስለዚህ ሁላችንም ኬላው ጋ ስንደርስ ቅጠሉን እንነቅላለን፣ ካለፍን በኋላ መልሰን እንሰካለን። ከመልመዳችን ብዛት እንቀልድበት ጀምረን ነበር።

አንቺ ለሱቅሽ ልብስ ገዝተሽ ከአዲስ አበባ ስትመለሺ ነው። ሰው ፈርቶ ተሳፋሪ ስላልነበረ መኪናው ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን። ኬላው ጋ ቅጠሉን ከዝናብ መጥረጊያው ላይ አንስቼ ወንበር ሥር ከተትኩት። አሳለፉን። አንቺ ጋቢና ተቀምጠሽ፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ፣ ዓይንሽን እንደጨፈንሽ «ወንዲ፣ ቅጠሉን መለስከው?» አልሽኝ።

«አዎ መልሼዋለሁ፣ ተኚ» አልኩሽ።

አልመለስኩትም ነበር። ቤታችን ለመድረስ አስር ደቂቃ ቀርቶናል፣ ቆሞ መውረዱ ሰለቸኝ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አንቺ አምነሽኝ ዓይንሽን ሳትገልጪ ቀረሽ፤ ድንጋዩም ባንቺ በኩል መጣ።

በጤና ጣቢያው ሰው ሲጠይቀኝ ቅጠሉን ነፋስ ወሰደው አልኩ። እናትሽ እትዬ ማሪቱ ሲቆጡኝ ደግሞ አንቺ ፊትሽ በፋሻ ተጠቅልሎ «ምን ያድርግ እማዬ፣ ነፋስ ወሰደበት እኮ» ብለሽ ተከራከርሽልኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደ። ጠባሳሽን ባየሁ ቁጥር ያ ክርክርሽ ይሰማኛል፣ ፊቴን አዞራለሁ። አንቺ የተጸየፍኩሽ መሰለሽ። እኔም እውነቱን ከመናገር ይልቅ እንዲመስልሽ ተውኩሽ። ከመጀመሪያው ውሸት ይሄኛው ይብሳል፣ አፍራለሁ።

ወጣቶቹን አልረግምም። በዚያ ወር ወንድሙ ያልታሰረበት፣ ጓደኛውን ያልቀበረ ስንት ነበር።

ሕክምናው ስምንተኛ ሳምንቱን ያዘ። አልረሳሁም፤ ሰናይትም ከመነሻው እንደማያስረሳ ነግራኛለች። ያ ቀን ግን አሁን ያለፈ ቀን ሆኗል፣ ማታ ማታ ዓይኔ ላይ አይደገምም። ባለፈው ሐሙስ ሚኒባሷን ራሴ ይዤ ዓለም ገና ደርሼ ተመለስኩ። ኦቦ ኢተፋ አጠገቤ ተቀምጠው፣ በእግር የሄዱት ሰዎች ቀድመውን ገቡ እያሉ ሲያላግጡብኝ ነበር። ስቄ መንዳት ከቻልኩ ስንት ጊዜዬ።

አስር የነበረው ጭንቀት ሁለት ላይ ደርሶ አልወርድ አለ። ሰናይት ይህ ሁለቱ ምንድን ነው ስትለኝ፣ «ፋናዬ እውነቱን አታውቅም» አልኳት።

«እሱ በኔ ጣት የሚወጣ አይደለም» አለችኝ።

የጻፍኩልሽ ግን ሁለቱን ለማስወጣት ብቻ አይደለም። ናፍቀሽኛል፣ በጣም። ቤቱ ያላንቺ ቤት አይመስልም።

ኦቦ ኢተፋ ሽማግሌ ይዤ ጫንጮ ልሂድልህ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ፣ ተቀየሙኝም። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ሦስት ሽማግሌ እናትሽ ደጅ ቆሞ ይቅር በይው ካለሽ ሽበታቸውን አፍረሽ እሺ ትያለሽ፣ ልብሽ ሳይፈቅድ። እኔ አንድ ጊዜ ባንቺ ፋንታ ወስኜ ነው ለዚህ ያደረስኩሽ።

የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻዬን መጥቼ የእናትሽን በር አንኳኳለሁ። እዚህ የጻፍኩትን በእሳቸው ፊት በአፌ እደግመዋለሁ። እሺ ካልሽ ጌታ ይመስገን። እምቢ ካልሽም በይኝ፤ እምቢ ማለት እንድትችይ ነው ሰው ሳላስከትል የምመጣው።

ዋሽቶሽ የነበረው ባልሽ፣
ወንዲ